ግልጽ ደብዳቤ፦ የአሮጌው ምድር ባቡር ጣቢያዎች ከቀለሙና ከዶዘሩ በፊት ፎቶ ይነሱ

ለአሮጌው የኢትዮ-ጅቡቲ ምድር ባቡር ጣቢያዎች ባለይዞታዎች፣
በመስመሩ ላይ ላሉ ከተሞችና ወረዳዎች የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤቶች፣
ለኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጣቢያዎቹ ከመታደሳቸው፣ ከመከራየታቸው ወይም ከመፍረሳቸው በፊት በልክ የተነሳ የፎቶ መዝገብ እንዲኖራቸው ስለመጠየቅ

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የአሮጌው መስመር ጣቢያ ቀለም ከመቀባቱ፣ ቁልፉ ለአዲስ ተከራይ ከመሰጠቱ ወይም ዶዘር ከመግባቱ በፊት ሁለት የሥራ ቀን ለፎቶ መዝገብ ይሰጠው፤ ለዚህም በመስመሩ ሁሉ የሚሠራ አንድ የፈቃድ ወረቀት ይኑር። የቀረው የደብዳቤያችን ክፍል ወረቀቱ ለምን ዓይነት ሥራ እንደሚውል ያስረዳል። ፈቃድ ሰጪ የሚሠራውን ሥራ ካላወቀው መከልከል ይቀለዋል፤ አይፈረድበትም።

ስለ መስመሩ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ዳግማዊ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ ሐዲዱ በ1902 መጨረሻ ድሬዳዋ ደረሰ፣ በ1917 አዲስ አበባ ገባ፤ ርዝመቱ 784 ኪሎ ሜትር ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) በ2016 አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ከራሱ ሐዲድና ከራሱ ጣቢያዎች ጋር ተመረቀ። አሮጌዎቹ ጣቢያዎች እንደየዕድላቸው ቀሩ። አንዱ መጋዘን ሆኗል፣ የሌላው ጣሪያ ቆርቆሮ ተነስቷል፣ በአንዱ ውስጥ የቀድሞ ሠራተኛ ቤተሰብ ይኖራል። የድሬዳዋው ጣቢያና የጥገና ወርክሾፕ ደግሞ ጠባቂም ባለሙያም ያለው ግቢ ስለሆነ «የተተወ» ብሎ መጥራቱ ነውር ነው። ስለዚህ አንድ ዓይነት መመሪያ ለሁሉም አይሠራም፤ አንድ ዓይነት ወረቀት ግን ይሠራል።

የሚታየው ነገር የሚገርም ነው። ሙሽሮች ጣቢያው ደረጃ ላይ ቆመው ይነሳሉ፣ የሙዚቃ ክሊፕ ሠሪ ከነጄኔሬተሩ ይገባል፤ ሜትርና ትራይፖድ ይዞ የመጣ ሰው ግን «ማን ላከህ?» ይባላል። ሠርጉን አንቃወምም። ግን ሙሽራዋን ለማሳመር የተነሳ ፎቶ፣ ነገ በሩ ሲሰበር የበሩ ቁመት ስንት እንደነበር አይነግርም። መዝገብ የሚሆነው ፎቶ ሌላ ነው፤ ሥራውም እንደሚከተለው ነው።

ከብርሃን እንጀምር፤ በዚህ መስመር ላይ አብዛኛው ፎቶ የሚበላሸው በእሱ ነውና። የአዲስ አበባው የለገሃር ሕንፃ፣ የ1929ኙ፣ ፊቱን ወደ ቸርችል ጎዳና፣ ማለትም ወደ ሰሜን አዙሮ ነው የተሠራው። በእኛ ኬክሮስ፣ 9 ዲግሪ አካባቢ፣ የቀትር ፀሐይ በሰሜን በኩል የምትሆነው ከሚያዝያ የመጀመሪያ ሳምንት እስከ ነሐሴ ሦስተኛ ሳምንት ማብቂያ ብቻ ነው። በቀሩት ወራት የሕንፃው ፊት ጥላ ውስጥ ይውላል፣ ከጀርባው ያለው ሰማይ ያበራል፤ ካሜራው በራሱ ሲለካ ወይ ሕንፃውን ያጠቁራል ወይ ሰማዩን ያነጣል። ጥር ላይ ሰው ልካችሁ «ለምን ጨለመ?» ብትሉት ጥፋቱ የእሱ አይደለም። ለዚህ ሕንፃ ሚያዝያና ግንቦት፣ ዋናው ዝናብ ሳይገባ፣ ትክክለኛው ጊዜ ነው። አለዚያ ስስ ደመና ያለበት ቀን ይጠበቅ፤ ደመና ጥላውን ስለሚያለዝበው ለመዝገብ ከፀሐይ ይሻላል። ከመተሐራ እስከ ድሬዳዋ ባለው ቆላ ደመና እንደልብ አይገኝም። እዚያ የውጭው ሥራ ከንጋት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ ማለቅ አለበት። ከዚያ በኋላ የቆርቆሮው ክፈፍ በረንዳው ላይ ጥቁር ጥላ ይጥላል፤ የቲኬት መሸጫው መስኮትና በሩ ከነዝርዝራቸው እዚያ ጥላ ውስጥ ይቀራሉ።

ሁለተኛው ችግር ሕንፃው ወደ ኋላ የወደቀ መምሰሉ ነው። ሰው ቀረብ ብሎ ካሜራውን ወደ ላይ ሲያዘነብል ግድግዳዎቹ ወደ ላይ እየጠበቡ ይሄዳሉ፤ ከእንደዚህ ዓይነት ፎቶ መስኮት መለካት አይቻልም። መፍትሔው መራቅና ካሜራውን ውኃ ልክ አድርጎ ማንሳት ነው፤ ከታች የሚተርፈው መሬት በኋላ ይቆረጣል። መራቂያ ቦታ ከሌለ ካሜራውን በ4 ወይም 5 ሜትር ዘንግ ላይ አስሮ በሰዓት ቆጣሪው ማንሳት ያስኬዳል። ግን አዲሱ መስመር 25 ሺህ ቮልት የተሸከመ ሽቦ አለው፤ ሁለቱ መስመሮች በሚቀራረቡበት ቦታ የብረት ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ፈጽሞ አይነሳም። ሌንሱ በትልቅ ሴንሰር ካሜራ ከ24 እስከ 35 ሚሊ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። በጣም ሰፊው ሌንስ ጠርዙን ይለጥጣል። በስልክ የሚሠራም ዋናውን ካሜራ እንጂ ሰፊውን አይጠቀም። ድሮን የራሱ ፈቃድ ያለው ሌላ ጉዳይ ነው፤ በዚህ ደብዳቤ አንጠይቅም።

ልክ ለማስገባት 1 ሜትር የሆነ፣ በየ10 ሴንቲ ሜትሩ ጥቁርና ነጭ የተቀባ ዘንግ ግድግዳው ሥር ይቆማል። እዚህ መስመር ላይ ግን አናጺ ያልሠራው መለኪያም አለ። የአሮጌው ሐዲድ ስፋት ከውስጥ ጠርዝ እስከ ውስጥ ጠርዝ 1 ሜትር ነው። ሐዲዱ ገና ባለበት ጣቢያ እሱን ፎቶው ውስጥ ማስገባት ለሚመጣው ትውልድ ሜትር ትቶ መሄድ ነው። (የአዲሱ መስመር 1.435 ሜትር ስለሆነ ጎን ለጎን ባሉበት ቦታ እንዳይምታታ።) ሆኖም ብሎኑ የተፈታ ሐዲድ ይንሸራተታል፤ አስቀድሞ በሜትር ይለካና ልኩ ይጻፍ። መሬት ላይ ያለ መለኪያም የግድግዳን ከፍታ በቀጥታ አይሰጥምና ዘንጉ አይቀርም።

ከዚህ የሚበልጠው ሥራ ፎቶግራሜትሪ የሚባለው ነው። ከብዙ ተደራራቢ ፎቶዎች ኮምፒውተሩ የሕንፃውን ሙሉ ቅርጽ ከነልኩ ያወጣል። አርክቴክት በኋላ ፊቱንም ወለሉንም ከእሱ ላይ መንደፍ ይችላል። ጥበቃዎች ሲያዩት ያው ሰው ያንኑ ግድግዳ ደጋግሞ ሲያነሳ ስለሚታያቸው ይጠራጠራሉ፤ አሠራሩ ግን እንደዚያ ነው። ከግድግዳው እኩል ርቀት ጠብቆ በየአንድ እርምጃው አንድ ፎቶ ይነሳል፤ እያንዳንዱ ፎቶ ካለፈው ጋር ከ70 እስከ 80 በመቶ መደራረብ አለበት። አንዱ ዙር በወገብ ከፍታ፣ ሌላው በዓይን ከፍታ፣ ሦስተኛው በዘንግ ይሆናል። ጀማሪ የሚስተው አንድ ቦታ ቆሞ ካሜራውን ግራና ቀኝ በማዞር ነው። ከአንድ ቦታ የተነሳ መቶ ፎቶ ጥልቀት አይሰጥም፤ ሶፍትዌሩ ርቀትን የሚያሰላው ካሜራው ከቦታ ቦታ ሲንቀሳቀስ ነውና። ሌላው ስህተት በመሐል ዙም መለወጥ ነው። ዙሙ፣ ትኩረቱና የቀለም ሚዛኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ላይ ተቆልፈው ይቆያሉ።

ሶፍትዌሩን የሚያሳስቱት ነገሮች በእነዚህ ጣቢያዎች ላይ ሞልተዋል። ቆርቆሮ እርስ በርሱ አንድ ዓይነት ስለሆነ አንዱን ሸንተረር ከሌላው ይቀላቅለዋል፤ አዲስ የተቀባ ነጭ ግድግዳ የሚይዘው ምልክት የለውም፤ መስታወት ያብለጨልጫል፤ ፍየሎች ያልፋሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የተለያየ ቁጥር የተጻፈባቸው ወረቀቶች በቀላል ማጣበቂያ፣ ያውም ቀለም በማይነሳበት ቦታ ላይ ብቻ ይለጠፋሉ፤ ሲያልቅ ይነሳሉ። በሁለት ወረቀቶች መካከል ያለው ርቀት በሜትር ተለክቶ ከተጻፈ ኋላ ላይ የሞዴሉን ትክክለኛነት ማረጋገጫ ይሆናል። አንድ ትንሽ ጣቢያ ከውጭ ብቻ ከ300 እስከ 400 ፎቶ ይፈልጋል፤ ባልተጨመቀ ጥሬ ፋይል (ሮው በሚባለው) ሲሆን ከ10 ጊጋባይት በላይ ነው። ሁለት ቀን ያልነው ለዚህ ነው።

ውስጥ ሲገባ ፍላሽ አያስፈልግም፤ ግድግዳውን አንጥቶ ስንጥቁን ያጠፋዋል። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ሆኖ፣ አይ.ኤስ.ኦ (የብርሃን ትብነቱ) 100፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ) 8፣ በ2 ሰከንድ ቆጣሪ ይነሳል። በመስኮቱና በክፍሉ ጥግ መካከል ያለው የብርሃን ልዩነት ለአንድ ፎቶ ስለሚበዛ ሦስት ይነሱ፦ አንዱ ልከኛ፣ አንዱ 2 ደረጃ የጨለመ፣ አንዱ 2 ደረጃ የፈካ። ከእያንዳንዱ ክፍል አራቱም ጥግ፣ ከዚያ ጣሪያው፣ ከዚያ ወለሉ፤ መጀመሪያ ላይ ለቀለም ማስተካከያ የሚሆን ግራጫ ካርድ የያዘ አንድ ፎቶ። ወንበር ማስተካከል፣ የወደቀ ፋኖስ አንስቶ ለውበት መስኮት ላይ ማስቀመጥ፣ የወለል ንጣፉ ቀለም እንዲወጣ ውኃ ማርከፍከፍ፣ እነዚህ ሁሉ ክልክል ናቸው። የነበረው እንደነበረ ነው የሚነሳው። ይህን የጣሰ ሰው ወረቀቱ ቢነጠቅ አንከራከርም።

ትንንሽ ነገሮች ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ፤ በቅድሚያ የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። ሐዲዱን ጎንበስ ብሎ ላየው በወገቡ ላይ ከብረቱ ጋር አብሮ የወጣ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ የፋብሪካው ስምና የተሠራበት ዓመት ነው። ዝገትና አቧራ ስለሸፈነው ከፊት ለፊት ሲነሳ አይነበብም። አቧራው በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ይጠረጋል፤ የሽቦ ብሩሽ ፊደሉን ይበላል፣ ጠመኔ መቀባትም የፊደሉን ቅርጽ ያሳስታል። ከዚያ ካሜራው ቀጥ ብሎ ከፊት ይሆናል፤ የእጅ ባትሪው ግን ከብረቱ ጋር ሊተኛ ምንም እስኪቀረው ድረስ ዝቅ ተደርጎ ከጎን ይበራል። አንዴ ከግራ፣ አንዴ ከላይ፣ አንዴ ከቀኝ። በአንዱ ብርሃን የጠፋው ፊደል በሌላው ብቅ ይላል። ፀሐይ ካለ ጃኬት ወይም ካርቶን ይጋረድበታል። በዚህ መንገድ የተነሱ ፎቶዎች ከተለያዩ ጣቢያዎች ሲሰበሰቡ የትኛው የሐዲድ ክፍል መቼ እንደተቀየረ ማወቅ ይቻላል። ሐዲዱ ለቁርጥራጭ ብረት ከተሸጠ በኋላ ግን ይህን የሚነግረን የለም።

በአማርኛና በፈረንሳይኛ ፊደል የተጻፉ የጣቢያ ስሞችም እንዲሁ ናቸው። የእድሳት ሥራ ሲመጣ ቀለም ቀቢው በቅን ልብ አሮጌውን ጽሑፍ ይሸፍንና በላዩ በኮምፒውተር ፊደል ይጽፍበታል። ለቀቢው የሚነገረው ቀላል ነው፦ ከመሸፈንህ በፊት ከነሜትሩ ይነሳ፣ የፊደሎቹም ቁመት ይለካ። የቀለሙ ነገር ሌላ ነው። የተላጠ ቀለም ጠርዝ ላይ በቅርብ ሲታይ የቀድሞዎቹ ቀለሞች እንደ ሽንኩርት ተደራርበው ይገኛሉ። ከቀለም ካርድ ጋር በቅርብ ይነሳና፣ የማይታይ ጥግ ላይ 10 በ10 ሴንቲ ሜትር የሆነች ቦታ ሳትቀባ ትቅር። ለኮንትራክተሩ የምታስወጣው ወጪ የለም።

የድሮ ንድፎችና መዝገቦች በየቢሮው ቁም ሣጥን ካሉ እነሱም አብረው ይነሱ። ሁለት መብራት ከግራና ከቀኝ በ45 ዲግሪ፣ ካሜራው ከወረቀቱ ጋር ትይዩ፣ ማስመሪያ በጎኑ። ሰማያዊ የሆኑት ንድፎች ብርሃን ስለሚያደበዝዛቸው ወዲያው ተነስተው ወደ ጨለማቸው ይመለሱ።

አሁን ወደ ፋይሉ። የእኛ አገር የራሱ ጣጣ አለው። የካሜራው ሰዓት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲሞላ ሁሉም ፎቶ በ6 ሰዓት ይዛነፋል፤ ዓመቱም በእኛ አቆጣጠር ከገባ የ2017 ፎቶ ከሌላው ሰው የ2025 ፎቶ ጋር ሲቀላቀል ቅደም ተከተሉ ይፈርሳል። የካሜራው ሰዓትና ቀን በዓለም አቀፉ ይሞላ፤ የእኛው ቀን፣ የጣቢያው ስምና የግድግዳው አቅጣጫ በወረቀት ተጽፎ የየዙሩ የመጀመሪያ ፎቶ ይሁን። ሁለተኛው ጣጣ ቴሌግራም ነው። እንደ ፎቶ የተላከ ምስል ይጨመቃል፣ በውስጡ ያለው የጊዜና የቦታ መረጃም ይጠፋል፤ «እንደ ፋይል» ተብሎ ይላክ። ለመዝገብ ግን ይህም አይበቃም። ሦስት ቅጂ በሁለት የተለያዩ ዲስኮችና በሌላ ከተማ ይቀመጥ፤ አንዱ ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት፣ አንዱ ደግሞ ጣቢያው ላለበት ከተማ ይሰጥ። የሚኤሶ ጣቢያ ፎቶ አዲስ አበባ ብቻ ከተቀመጠ ለሚኤሶ ልጅ እንደሌለ ነው።

ሁሉም ግን ወዲያው አይለጠፍም። የመዳብ ሽቦ፣ የነሐስ እጀታ፣ ደወልና ሰዓት የሚታይበት ፎቶ ከነቦታው ፌስቡክ ላይ ሲወጣ ከአድናቂው በፊት የሚያየው ሌባ ነው፤ ከዚያ ወደ ቁራሌው። ስለዚህ ተነቃይ ዕቃ ያለበት ፎቶ ዕቃው በባለይዞታው ተመዝግቦ እስኪቆለፍበት ድረስ በመዝገቡ ውስጥ ብቻ ይቆይ።

ስለ አደጋው ጠባቂዎች የሚሰጉት ትክክል ነው። ምስጥ የበላው የጣውላ ወለል ላይ ሚስማር በተመታበት መስመር፣ ማለትም ተሸካሚው እንጨት ባለበት ብቻ ይረገጣል፤ ጥርጥር ካለ ከበሩ ላይ ሆኖ ይነሳል። በወርክሾፖች ውስጥ ሎኮሞቲቭ ከሥሩ የሚጠገንበት ጉድጓድ በሐዲዶቹ መካከል አለ፤ ውኃ ወይም የበሰበሰ ጣውላ ሲሸፍነው ወለል ይመስላልና በዱላ ሳይነካ አይታለፍም። የሌሊት ወፍ ኩስ ባለበት ክፍል ኤን 95 ማስክ ይደረጋል፣ አቧራው አይጠረግም። አሮጌ የጣሪያ ክዳንና የቧንቧ ሽፋን አስቤስቶስ ሊኖርበት ስለሚችል አይሰበርም፣ አይነቀልም። ጣሪያ ላይ አይወጣም። ብቻውን ማንም አይገባም። ሰው በሚኖርበት ክፍል ደግሞ የባለቤቱ ፈቃድ ከማንኛውም ማኅተም ይቀድማል፤ ልብሱና አልጋው የቅርስ ፎቶ ማሟያ አይደለም።

በመጨረሻም የእድሳት ጉዳይ። በድንጋይና በኖራ የተሠራ ግድግዳ በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ከጥቂት ክረምት በኋላ ጨው ያብባል፣ የድንጋዩ ፊት እየተቀረፈ ይወርዳል። ይህ መድረሱ የሚታወቀው ከዚያው ቦታ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ የተነሳ ፎቶ ካለ ነው። ቦታውን ለማግኘት መሬት ላይ ቀለም መቀባት አያስፈልግም። የበረንዳው ምሰሶ ከበሩ ጠርዝ ጋር የሚገጥምበት ቦታ ተመርጦ፣ የካሜራው ከፍታ 1.5 ሜትር ሆኖ፣ ያለፈው ዓመት ፎቶ ታትሞ በእጅ ተይዞ ይነሳል።

አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ይህ ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) በቅርስ ላይ የሚደረግ የጥገና ሥራ አስቀድሞ በባለሥልጣኑ እንዲፈቀድ ያዛል። አዲስ ሕግ ስለዚህ አንጠይቅም፤ የጥገና ፈቃድ ማመልከቻ ከላይ እንደተዘረዘረው የተነሳ የፎቶ መዝገብ አባሪ እንዲኖረው ይደረግ ነው የምንለው። ወደ ቅርስ መዝገብ ገና ላልገቡት ጣቢያዎች ደግሞ ባለይዞታው በኪራይ ወይም በርክክብ ውሉ ላይ ያንኑ አንድ መስመር ያስገባ።

የፈቃድ ወረቀቱ አንድ ገጽ ይበቃዋል። የአንሺዎቹ ስም፤ የጣቢያዎቹ ስም ዝርዝር፤ ቀኑ ከመቼ እስከ መቼ፤ ትራይፖድ፣ መለኪያ ዘንግና መብራት የተፈቀደ መሆኑ፤ ድሮን ያልተፈቀደ መሆኑ፤ በሥራ ላይ ያለ ሐዲድ፣ የኤሌክትሪክ ማሠራጫና የጥበቃ ቦታ እንደማይነሳ፤ የፋይሉ ቅጂ በ30 ቀን ውስጥ ለማን እንደሚገባ፤ ጠባቂው ሲጠራጠር የሚደውልበት የቢሮ ስልክ። የመጨረሻው ዋናው ነው፤ ፀሐፊዋ ስልኩን የምታነሳው ምሳ ሰዓት ላይም ቢሆን።

ከሰላምታ ጋር
በአሮጌው መስመር ላይ የምንሠራ ፎቶ አንሺዎች

ግልባጭ፦
ለብሔራዊ ቤተ መዛግብት
ለየጣቢያው የጥበቃ ክፍል